የሽምብጧ ተዋሽ

በየሰፈሩ አንድ ተዋሽ አለ። ቤተ ክርስቲያን ያልተተከለበት ሰፈር ሊገኝ ይችላል፤ ክሊኒክ የሌለበትማ ሞልቷል፤ ተዋሽ የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተቆረቆረም። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ወዳለው ዘንዘልማ ሄዶ ያየ ሰው ይመሰክራል። ትናንት ጤፍ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ ቤቱ ገና ቆርቆሮ ሲመታ፣ ውሃና መብራት በተስፋ ሲጠበቁ፣ ተዋሿ ቀድማ ገብታ በየደጁ "አካፋ ይኖራችሁ ይሆን?" እያለች ትዞራለች።

ባሕር ዳር ሽምብጥ ውስጥ፣ ከጣና ዳር ጥቂት ገባ ብሎ ባለው መንደር፣ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ናቸው። የሾማቸው የለም፤ የሚሽራቸውም አይገኝም። ሰባን ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ቀኝ እጃቸው ዘወትር ከነጠላቸው ሥር ነው። ወደ ሰው ቤት ሲገቡ እጁ ባዶ ነው፤ ሲወጡ ነጠላው በአንድ በኩል አብጦ ይታያል። እንደ ሌላው ተዋሽ አንገታቸውን አይሰብሩም፤ ሰበብም አያበዙም። የቤተሰቡን ደኅንነት፣ የኑሮውን ውድነት፣ የመንገዱን መከፈትና መዘጋት በአንድ ትንፋሽ ጠይቀው ይጨርሳሉ። ከዚያ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ወንፊት ያገኛል።

"ለአፍታ ነው" ይላሉ።

አፍታ በወይዘሮ ባንቺአየሁ አቆጣጠር ራሱን የቻለ ዘመን ነው። የወንፊት አፍታ ከገበያ እስከ ገበያ ይሄዳል። የመሰላል አፍታ ጥምቀት ላይ ይጀምርና ፍልሰታ ሲገባ ያልቃል። የመዶሻ አፍታ ሲያልቅ ያየ ሰው ግን የለም። በዚህ ላይ የተዋሱትን ዕቃ እሳቸው ጋ አያቆዩትም። ለሌላው ያውሱታል፤ ያም ለሚቀጥለው ያስተላልፈዋል። አንዲት መጥረቢያ በጀልባ ጎርጎራ ድረስ ሄዳ፣ እዚያ ስትሠራ ከርማ፣ አዲስ እጀታ ገብቶላት ተመልሳለች ይባላል።

በዚህ ሁሉ ከማንም በላይ የሚንገበገበው ጎረቤታቸው አስማማው ነበር። ሊንገበገብም ይገባዋል። አስማማው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ ኮሌጅ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። በእሱ ዘመን ከዚያ ግምጃ ቤት አንዲት ፓኮ ጠመኔ ያለ ፊርማ አልወጣችም። የኮሌጁ ዲን አንድ ጊዜ አምፖል ፈልገው በእግራቸው መጥተው፣ የዕቃ መጠየቂያ ወረቀት ስላልያዙ፣ ጨለማ ቢሮ ውስጥ ውለዋል። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲቆልፍ ውሎ ማታ ሲመለስ የገዛ ቤቱን ወለል ብሎ ተከፍቶ ያገኘው ነበር። ሚስቱ ውዴ ለጠየቀ ሁሉ ታውሳለች።

"መዶሻው የታለ?" ይላታል።

"እትዬ ባንቺአየሁ ወስደውታል። ለአፍታ ነው ብለዋል።"

"የትኛው አፍታ?"

ውዴ ትስቃለች። ስትስቅ ዓይኗን ጨፍና ትከሻዋን ወደ ላይ ትሰበስባለች፤ እሱም የጀመረውን ቁጣ የት እንዳደረሰው ይጠፋዋል። አንድ ጊዜ ቆርጦ፣ እራት ላይ፣ እኔ ቀን የቆለፍሁትን አንቺ ማታ ትከፍቺዋለሽ አላት። እሷም የአንተው የመንግሥት ዕቃ ነው፣ የእኔ ግን የሰው ነው ብላ ወጡን ጨመረችለት።

በዚያው ዘመን አንድ ቅዳሜ፣ አስማማው የገዛ መሰላሉን ገበያ አካባቢ በአንድ ቀለም ቀቢ ትከሻ ላይ አገኘው። ሦስተኛውን እርከን በገዛ እጁ ስለጠገነው አልተሳሳተም። ከየት እንዳመጣው ቀቢውን ጠየቀው። ቀቢው ጨዋ ሰው ነበር። ይህ የውዴ መሰላል እንደሚባል፣ እንደሱ ያለ መሰላል ከተማው ውስጥ እንደሌለ፣ ወረፋው ቢበዛም ከፈለገ ለወይዘሮ ባንቺአየሁ ሊነግርለት እንደሚችል በትሕትና አስረዳው። አስማማው አመስግኖ ሄደ።

መስከረም ላይ ውዴ ሞተች። ኩላሊቷ ነበር።

ድንኳን ተተከለ። ሰው መጣ፤ ከወረታም ከደልጊም መጣ፤ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት ጊዜ እንዴት እንደደረሱ እነሱም በደንብ አያውቁትም። በሣልስቱ፣ እድርተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በተቀመጠበት፣ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ጥቁር ለብሰው ገቡ። አለቀሱ። የሥጋ ዘመድ ከሚያለቅሰው በላይ አለቀሱ። ፊታቸውን ጠርገው ከአስማማው ጎን ተቀመጡ፤ ጥቂት ቆይተው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

"ያቺ ወንፊት ጓዳ ናት?" አሉት።

ሹክ ያሉ መስሏቸው ነበር። ድንኳኑ በሙሉ ሰማ። አንዷ ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ከወንዶቹም አንዱ ድንገት ሳል ያዘው። አስማማው የሚያደርገው ስለጠፋው በእጁ ወደ ጓዳ አመለከተ። ክብርትነታቸው ተነስተው ገቡ፤ ነጠላቸው በአንድ በኩል አብጦ ወጡ።

የአርባዋ ዕለት የሆነው ከዚህም የባሰ ነው። ለተዝካሩ በሬ ታርዷል። ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ተቀምጠዋል። የእድሩ ድስቶች ስላልበቁ፣ ሴቶቹ ከውዴ ጓዳ ትልቁን ብረት ድስት አውጥተው ጣዱት። ውሃው ፈላ። የተከተፈው ሥጋ በትሪ ተይዞ ሲመጣ፣ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከየት መጡ ሳይባል ደረሱ። የድስቱን ጆሮ በነጠላቸው ጨብጠው ከእሳቱ አወረዱት። ውሃውን እዚያው ደፉት። ከዚያም እየጨሰ ያለውን ድስት በጎናቸው አቅፈው፣ በካህናቱና በእድሩ ዳኛ ፊት፣ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄዱ።

"ለአፍታ ነው" ብለው ወጡ።

ሰፈሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ለቅሶ ቤት የበላ፣ የጠጣ፣ የተጣላም ነበር፤ ከተዝካር እሳት ላይ ድስት የተዋሰ ግን እስከዚያን ቀን አልተሰማም። እድሩ ስብሰባ ተቀምጦ፣ ዳኛው ሄደው እንዲመክሯቸው ተወሰነ። ዳኛው ሄዱ። ጃንጥላቸውን አውሰው ተመለሱ።

ሌላው ሳቀ። አስማማው ግን አልሳቀም። እስከዚያን ቀን ወይዘሮ ባንቺአየሁ ያናድዱት ነበር እንጂ ጠልቷቸው አያውቅም። ያን ዕለት ጠላቸው። የውዴ ተዝካር እንኳን አልተከበረም ብሎ በልቡ ያዘው፤ ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጸጥ አለ። አስማማው ማለዳ ይነሳል፤ ሻይ ያፈላል፤ ዳቦ ይነክራል። ምሳም ዳቦ ነው። ሬዲዮ ይከፍታል፤ ዜናውን ሰምቶ ይዘጋል። ሰው ሁሉ ደግ ሆነለት። ደግነቱ ግን ለታመመ ሰው የሚደረግ ዓይነት ነበር። ከባድ ነገር ሊያነሳ ሲል ይቀሙታል፤ ሲገባ ጨዋታ ያቆማሉ። ድሮ እንደ ጦር ይፈሩት የነበሩ የኮሌጁ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ድምፃቸውን ያለዝባሉ። የሚመክረው ብዙ ነው፤ የሚጠይቀው ግን የለም።

የቀድሞ ባልደረባው ጌትነት በሐይቁ ዳር እንዲራመድ መከረው፤ የጣና አየር ጭንቀት ያወጣል አለው። አስማማው ሄደ። ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ውሃው ላይ ተቀምጠዋል። እሱና ውዴ በልጅነታቸው ይቀመጡበት የነበረው ዋርካ ሥር ሌሎች ጥንዶች ተቀምጠዋል። ሲሄድ ከነበረው ይልቅ ደክሞት ተመለሰ። አዲስ አበባ ባንክ የምትሠራው ልጁ ሩሐማ ደግሞ ኔትወርክ በኖረ ቁጥር ስለ በጎ አስተሳሰብ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ትልክለት ነበር። አንዱ ላይ ከረባት ያሰረ ወጣት፣ ጠዋት ከአልጋችሁ ሳትወርዱ የምታመሰግኑባቸውን ሦስት ነገሮች ቁጠሩ ይላል። አስማማው ትእዛዝ አክባሪ ነውና ሞከረው። ሩሐማን አለ። ጡረታው በጊዜው መግባቱን አለ። ሦስተኛውን ሲፈልግ የሻይ ሰዓት አለፈ።

በዚህ ሁሉ መሃል ወይዘሮ ባንቺአየሁ ሥራቸውን አላቋረጡም። ሐዘኑ እንዳልተነገራቸው ሁሉ ይገባሉ። ዛሬ ሙቀጫ፣ ነገ ትልቁን በራድ፣ ከነገ ወዲያ የግቢውን አግዳሚ። እሱ ፊታቸውን ሳያይ "ውሰዱ" ይላል። አንድ ቀን መጋዝ ፈለጉ። መጋዙን ሲሰጣቸው አገላብጠው አዩትና፣ ይኼ እኮ ብቻውን አይቆርጥም አሉት። ከነመጋዙ እሱንም ተውሰው ሄዱ። ግማሽ ቀን የዶሮ ቤታቸውን እንጨት ሲቆርጥ ዋለ። አኩርፎ ሄዶ አኩርፎ ተመለሰ። ያን ቀን ማታ ግን ዳቦው አልበቃ ብሎት ሽሮ ሠራ፤ የሠራው ሽሮ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ቢሆንም ጨረሰው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሩሐማ በአውሮፕላን መጣች። የመጣችው ልትወስደው ነው። ስልክ ተቋርጦ የአባቷን ድምፅ ሳትሰማ በሰነበተችባቸው ቀናት እንቅልፍ አልነበራትም። መክሰስ ላይ ነገረችው፦ ቤቱ ይከራያል፤ እሱ ከእሷ ጋር ይኖራል፤ ትኬቱ ለማክሰኞ ተቆርጧል። አስማማው እሺ አለ። ፈልጎ አልነበረም። እሺ ማለት ምንም አይጠይቅም፤ እምቢ ለማለት ግን ጉልበት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ጉልበቱን የት እንዳስቀመጠው አያውቅም።

ሩሐማ ሻንጣውን አውጥታ ልብሱን አጣጥፋ ጨረሰች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቆየች።

"አባዬ፣ ቤቱ ተዘርፏል እንዴ?"

"ተውሰውት ነው።"

"ሁሉንም?"

"እትዬ ባንቺአየሁ ናቸው።"

ሩሐማ ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗን ጨፍና ትከሻዋን ሰበሰበች። አስማማው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ የእማዬን ትልቁን ድስት ብቻ ልውሰድ አለችው። እዚህ ላይ ነው አስማማው ከወንበሩ የተነሳው። ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ፈጥኖ ተነስቶ አያውቅም። የተዝካሩ ነገር አንገቱ ድረስ መጣበት፤ ኮቱን ሳይደርብ ወጣ።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ደጃቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

"እትዬ ባንቺአየሁ፣ ድስቴን ይስጡኝ።"

"የትኛውን?"

"ከውዴ ተዝካር ላይ የወሰዱትን።"

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። ፊቱ ቀልቷል። የተደሰቱ ይመስሉ ነበር።

"እሱማ አሪፋ ቤት ነው" አሉ። ተነሱና ነጠላቸውን አራገፉ። "ና እንሂድ። ያን በርጩማ ያዘው፤ እሱም የእነሱ ነው።"

ስለዚህ ሊጣላ የወጣው አስማማው በርጩማ ተሸክሞ ከኋላቸው ተከተለ። የጨርቅ ነጋዴው የሳዲቅ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ የሳዲቅና የአሪፋ ልጅ የዘይነት ኒካህ እሑድ ነው። ከግቢው ጥግ ትልቁ ድስት ተጥዷል፤ ውስጡ ምስር ይፈላል። አሪፋ አስማማውን ስታይ ማማሰያውን ትታ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣች። ወደ ሴቶቹም ዞራ፣ የውዴ ድስት ባለቤት ናቸው አለቻቸው። ሴቶቹ ብድግ አሉ። አንዷ ነፍሷን ይማር አለች፤ ሌላዋ ወንበር አመጣች። አስማማው የመጣበትን ነገር በምን ቃል እንደሚጀምር ግራ ገባው፤ ድስቱን ሊወስድ እንደመጣ ብቻ ተናገረ። ልጁ አዲስ አበባ ልትወስደው እንደሆነም አከለ።

አሪፋ ደነገጠች። ድስቱን አየች፤ ወይዘሮ ባንቺአየሁን አየች።

"እማማ ባንቺ፣ ጋሽ አስማማው የድስቱን ነገር አያውቁም እንዴ?"

"አልጠየቀኝም" አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ።

አሪፋ ነገረችው። ዘይነትን የወለደች ጊዜ ውዴ ገንፎ ልታመጣላት ፈልጋ ነበር። የአሪፋ እናት ግን ከወረታ መጥተው ልጃቸውን ይዘው ነበርና፣ የክርስቲያን ሥጋ ከተሠራበት ድስት ልጃቸው እንዳትቀምስ ብለው በጨዋ ቋንቋ መለሷት። ውዴ አልተቀየመችም። በሚቀጥለው ገበያ ይህን ድስት ገዝታ፣ አዲሱን እንዳለ አምጥታ፣ በአሪፋ እናት ፊት የመጀመሪያውን ገንፎ አገነፋችበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማንም ሥጋ አልነካውም፤ የክርስቲያኑም፣ የሙስሊሙም። በረመዳን ሾርባው የሚሠራው በእሱ ነው። በዐቢይ ጾም የማኅበሩ ሽሮ በእሱ ነው። በሁለቱም ወገን ለቅሶ ላይ ሁሉም ሰው የሚቀምሰው እህል ከእሱ ይወጣል። ከሰፈሩ ሰው ይህን የሚያውቁት ውዴ፣ አሪፋና ወይዘሮ ባንቺአየሁ ብቻ ነበሩ፤ አሁን ሁለት ቀርተዋል።

አስማማው ድስቱን የሚያውቀው በሊትር ነበር። ጓዳው ውስጥ ከሌሎቹ ለብቻው ተደፍቶ ሲቀመጥ እያየ፣ ለምን ብሎ አልጠየቀም። የተዝካሩ ቀን ትዝ አለው፤ የፈላው ውሃ፣ የሥጋው ትሪ።

"ለምን ያኔ አልነገሩኝም?" አላቸው ወይዘሮ ባንቺአየሁን።

"መቼ ልንገርህ? ሥጋው ደርሶ ነበር እኮ። እኔ ሳስረዳ እነሱ ይከቱት ነበር።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላማ አኮረፍህ። ያኮረፈ ሰው ምን ይሰማል? እስኪበርድልህ ብዬ መጋዝህን ተዋስሁ።"

ሴቶቹ ሳቁ። አስማማውም ሊስቅ ቃጣው። አሪፋ ጭልፋ ይዛ ከምስሩ አወጣችለት። እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጦ በላ። ሲጨርስ ሳትጠይቀው ደገመችለት፤ እሱንም በላ።

"ሐሙስ አጥቤ አመጣዋለሁ" አለችው። "ግን ጋሽ አስማማው፣ ለማን ነው የማስረክበው? ዘንድሮ ጾማችን አንድ ላይ ነው የሚገባው፤ ድስቱ የሚያርፍበት ቀን የለውም። የማያውቅ ሰው እጅ ከገባ አንድ ቀን ሥጋ ይከቱበታል። ያን ቀን አለቀ።"

አስማማው ወደ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ዞረ።

"እኔን አትይ" አሉት። "እኔ ጋ ዕቃ አይቆይም። ለሱ የሚቆልፍ ሰው ነው የሚያስፈልገው።"

ቤቱ ሲመለስ ሩሐማ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ባዶ እጁን መሆኑን አይታ ድስቱ የት እንደሆነ ጠየቀችው።

"ሐሙስ ይመለሳል።"

"ማክሰኞ እኮ ነው የምንሄደው።"

"አንቺ ትሄጃለሽ። እኔ ተቀባዩ ነኝ።"

ሩሐማ ልትከራከር አፏን ከፈተች። አባቷን አየችው። ነጭ ሸሚዙ ላይ የምስር ወጥ ተንጠባጥቦበታል፤ ኮት አልለበሰም፤ ድምፁ ደግሞ ዲኑን ጨለማ ያዋለው የዚያ ሰው ድምፅ ነው። ስለ ድስቱ ሁሉንም ነገራት። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ሲጨርስም አጠገቡ ተቀመጠች። በመጨረሻ፣ ስልክ ሲቋረጥ ደኅና መሆንህን እንዴት ላውቅ ነው አለችው። እሱም ከአሪፋ ቤት ሆነ ከእትዬ ባንቺአየሁ ሰው ሳይገባ የሚውልበት ቀን እንደሌለ፣ ለዚህም መከራውን እንዳየ ነገራት።

እነሱ በዚህ ላይ እያሉ የግቢው በር ተከፈተ። የሚያንኳኩ ሰው አይደሉም። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ገብተው ሩሐማን አገላብጠው ሳሙ፤ የሥራዋን፣ የአዲስ አበባውን ኑሮ፣ የአውሮፕላኑን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጠየቁ። ከዚያ ዓይናቸው አልጋው አጠገብ ቆሞ የነበረውን ትልቅ ሻንጣ አገኘ።

የዘይነት ልብስ መያዣ እንዳጣ፣ ሙሽራ ደግሞ በፌስታል እንደማትሸኝ መናገር ጀመሩ። አስማማው እስኪጨርሱ አልጠበቀም። ሻንጣውን አልጋው ላይ አውጥቶ ከፈተው። ሸሚዞቹን፣ ሹራቡን፣ ሩሐማ በጥንቃቄ ያጠፈቻቸውን ሱሪዎች አንድ በአንድ እያወጣ ደረደረ። ባዶውን ሻንጣ ዘጋና እጀታውን አስያዛቸው።

"ያቆዩት" አላቸው።